ገረዲቱ ምን መምረጥ ትችል ነበር? በባርነት ዘመን ስለነበሩ ሴቶች ልብ ወለድ ለሚጽፉ

ለዚህ እትም በባርነት ዘመን ስለነበሩ ሴቶች ልብ ወለድ መጻፍ የጀመሩ አንባቢዎች የላኳቸውን ጥያቄዎች መርጠናል። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታሪኬ የሚጀምረው በ1872 ነው። ከጊቤ ማዶ የተነጠቀች የ11 ዓመት ልጅ ባሶ ገበያ ላይ ተሸጣ ጎጃም ውስጥ አንድ ባላባት ቤት ትገባለች። ጉዞውን በአንድ ምዕራፍ ብጨርሰው ያስኬዳል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ያስኬዳል፤ ግን መጀመሪያ ወሩን ይወስኑ። በዚያ ዘመን ከጊቤ ማዶ ወደ ጎጃም የሚመጣ ነጋዴ ከቦንጋ ወይም ከጅማው ሂርማታ ገበያ ይነሣል። ሊሙ ላይ ሰቃን፣ ጊቤን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ጉድሩ ላይ አሰንዳቦን እየረገጠ ዓባይን ወርዶ ባሶ ይገባል። ከዚያ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ። ዓባይ ግን በክረምት ሲራራ ነጋዴን አያሳልፍም። ልጅቷ ጥር ላይ ከተነጠቀች ዝናቡ ሳይጠና ባሶ ልትደርስ ትችላለች። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከተነጠቀች ነጋዴው ከወንዙ ወዲያ ማዶ ከርሞ ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ አለበት። ሐምሌ ላይ ዓባይን የምትሻገር ልጅ ያጋጠመው የጎጃም አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ይዘጋዋል።

ይህ ክረምት ለጸሐፊ ሲሳይ ነው። ልጅቷ ነጋዴው ባረፈበት ቤት ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ቋንቋቸውን ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ታድራለች፤ ጥቂት የአማርኛ ቃላት የምትለቅመውም እዚያ ነው። ባሶ ደርሳ በማግስቱ ከእመቤቷ ጋር በአማርኛ የምትከራከር ልጅ ተአማኒ አትሆንም። አንዷ ከታመመች ነጋዴው ከነበሽታዋ ቆላ አያወርዳትም፤ እዚያው በርካሽ ይሸጣታል። ሁለት እህትማማቾችን ለመለያየት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያገኙም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት አንድ ጨካኝ ፈንጋይ ልጅቷን ከቤቷ ነጥቆ ራሱ እስከ ገበያው ሲያደርሳት ማሳየት ነው። በእውነቱ ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች። የነጠቃት ሰው ለመንደር ደላላ፣ ደላላው ለትንሽ ነጋዴ፣ ትንሹ ለትልቁ ይሸጣታል፤ አንዱ በጨው፣ አንዱ በእህል ወይም በጨርቅ፣ ሌላው በብር ይከፍላል። የመጀመሪያው ነጣቂም ሁልጊዜ ባዕድ አይደለም። ባለዕዳ ጎረቤት፣ የራሷ ዘመድ፣ አባቷ ግብር ያጎደለበት ሹም ሊሆን ይችላል። ይህን ሲጽፉ ጥያቄው «ማን ነጠቃት?» ከመሆን ይልቅ «ማን አሳልፎ ሰጣት?» ይሆናል፤ ልብ ወለዱም በአንዴ ይከብዳል።

ታሪኩን በአምስት ዓመት ወደፊት ቢገፉት ደግሞ መንገዱ ራሱ ይለወጣል። በ1874 እምባቦ ላይ ሸዋ ጎጃምን ካሸነፈ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ በአብዛኛው ወደ ሸዋ ዞሯል፦ በየረር አጠገብ በነበረው ሮጌ፣ በአልዩ አምባና በአጠገቡ ባለው አብዱል ረሱል በኩል ወደ ሐረር፣ ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ። ያን ጊዜ ልጅቷን የሚጠብቃት የባላባት ጓዳ መሆኑ ይቀርና ባሕር ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሴቶቹን ድምፅ ከየት ላግኝ? ያገኘሁት ሁሉ የነጋሢ ዜና መዋዕልና የፈረንጅ መንገደኛ ወሬ ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሁለቱም ይልቅ የሚጠቅሙ አሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ሰንቡኮችን ያዘች። ከተረፉት ልጆች አብዛኞቹ ኦሮሞዎች ነበሩ። መጀመሪያ ኤደን አጠገብ ባለ የስኮትላንድ ሚሲዮን ተጠለሉ፤ የቦታው አየር ስላልተስማማቸው 64ቱ እ.ኤ.አ. በ1890 ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። 42ቱ ወንዶች፣ 22ቱ ሴቶች ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ስለ ወላጆቹ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ከብታቸው፣ ማን እንደወሰደውና ለማን በምን እንደተሸጠ ተጠይቆ ቃሉ ተጽፏል። ከሴቶቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ በኋላ አስተማሪ ሆናለች፤ አፓርታይድን ታግሎ ሮበን ደሴት 10 ዓመት የታሰረው ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው።

እነዚህን ቃሎች ሲያነቡ ጥያቄዎቹን ለብቻ ያውጡና የራስዎን ገጸ ባሕርይ በዚያው ተራ ይጠይቋት። አባቷ ስንት በሬ ነበረው? ቤቱ የራሱ ነበር ወይስ የጭሰኛ? በተነጠቀችበት ሰዓት የት ነበረች፤ ከብት ጥበቃ ወይስ ውኃ ልትቀዳ? ስንት ሰው ገዛት? ለእነዚህ መልስ የሌላት ገጸ ባሕርይ «ምስኪን ልጅ» ሆና ትቀራለች። አንድ ነገር ግን አይርሱ። ቃሉ የተቀዳው በአስተርጓሚ ነው፤ የሚያደምጠውም ሚሲዮናዊ ነው፤ ልጅ ደግሞ ለአዳኙ የማይነግረው ብዙ አለ። እነዚህ ልጆች ከባሕር የተረፉ ስለሆኑ አገር ውስጥ ቤት ገብታ ስላረጀች ገረድ አይነግሩዎትም።

ሁለተኛዋ አስቴር ጋኖ ናት። የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አድርጎ ይዟት ነበር። ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች አስጣሏት፤ ከዚያ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። እሱም ከባርነት ነጻ ከወጣው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ መዝገበ ቃላትና የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ላይ ደክማለች፤ ከትዝታዋ 500 ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ሰብስባለች። ገጸ ባሕርይዎ ሥራ ላይ የምታንጎራጉረውን ሲፈልጉ ከዘመናዊ ዘፈን አይበደሩ፤ የዚያ ትውልድ ሴት ራሷ የጻፈችው አለ።

የኦነሲሞስ ስምም ያስተምራል። ሲወለድ ሂካ ነበር፤ ነሲብ የባርነት ዘመን ስሙ ነው፤ ሲጠመቅ ደግሞ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ባለው ባሪያ ስም ኦነሲሞስ ተባለ። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ስም ይለወጣል። ስለዚህ ተራኪው በየትኛው ስም እንደሚጠራት ከመጀመሪያው ገጽ ይወስኑ፤ በእናቷ የወጣላትን ስም ተራኪው ይዞት ሌሎቹ በሌላ ስም ቢጠሯት ሳይሰብኩ ብዙ ይናገራሉ።

ጥያቄ፦ ጀግናዬ የምትታገል ሴት እንድትሆን እፈልጋለሁ። ግን አርታዒዬ «የዛሬ ሴት ናት» እያለ ይመልስብኛል። በ1880ዎቹ አንዲት ገረድ በእርግጥ ምን መምረጥ ትችል ነበር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አርታዒዎ ተሳስተዋል አንልም፤ ልክ ናቸው። መድኃኒቱ ግን ትግሏን መቀነስ አይደለም። በዚያ ቤት ውስጥ የነበሩትን በሮች አንድ በአንድ መቁጠርና በእነሱ ብቻ እንድትወጣ ማድረግ ነው። የክርስቲያን ደገኛ ቤት ከሆነ የሚከተሉትን ያስቡ።

መሸሽ ይቻላል፤ ጥያቄው ወዴት ነው። አገሯ ከወር በላይ መንገድ ነው፤ በመካከሉ ኬላና ዓባይ አለ፤ አነጋገሯ ያጋልጣታል፤ ያገኛት ሁሉ መልሶ ሊሸጣት ይችላል። እውነተኛው ሽሽት አጭር ነው፦ ከጌታዋ ጋር የተጣላ ባላባት ቤት መግባት ወይም ደብር ገብቶ መማፀን። ደብር ከጌታው ቁጣ ያስጥላል እንጂ ከባርነት አያወጣም፤ ካህናቱ ምሕረት ለምነው መለሷት ብለው ቢጽፉ ከዘመኑ ጋር ይሄዳል።

ክርስትና መነሣት ከሚታሰበው በላይ ይሠራል። የክርስትና እናት ታገኛለች፤ ዘመድ ለሌላት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሰንበትና በዓበይት በዓላት ወፍጮ አይነካም፤ የዕረፍት ቀኗን የምታገኘው ከሃይማኖቱ ነው። ፍትሐ ነገሥቱም ያመነ ባሪያ ላላመነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ይኸው ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ ነው፣ ባሪያ ያደረገው የጦርነት ሕግ ነው ይላል። እመቤቷ ይህን በካህን አፍ ስትሰማ ምን ፊት እንደምታሳይ መጻፍ የእርስዎ ፈንታ ነው።

ሙያም አለ። ጠጅ አሳምራ የምትጥል፣ የግብር ወጥ የምትሠራ ሴት በቀላሉ አትሸጥም። ቀስ በቀስ የጓዳው ቁልፍ እጇ ይገባል፤ በሌሎቹ ገረዶች ላይም ታዝዛለች። ይህን ሥልጣን ስታገኝ አዲስ የመጣችውን ልጅ እንዴት እንደምትይዝ ያሳዩን፤ ብዙ ረቂቆች ይህን ስለሚፈሩ ባሮቹን ሁሉ ደግ ያደርጓቸዋል።

ዋናው በር ግን ኑዛዜ ነው። ጌታው ሊሞት ሲያጣጥር የንስሐ አባቱ ለነፍሱ ባሪያ አርነት እንዲያወጣ ይመክሩታል። ለሴራ የሚሆነው የሚበላሸው ክፍል ነው፦ ኑዛዜው በቃል ነው፤ ወራሾቹ «አልሰማንም» ይላሉ፤ ካህኑ ሌላ ደብር ተዛውረዋል። ስለዚህ ብልህ ገረድ ከዓመት በፊት ጀምራ ትሠራለች፤ ጌታው አልጋ ላይ ሲውል ክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ትወስናለች፤ ከወራሾቹ ጋር የማይዋደድ ምስክር እንዲገኝ ታደርጋለች። ጠመንጃ ሳያነሣ ሙሉ ምዕራፍ የሚሸከም ትግል ይህ ነው። አርነት ከወጣች በኋላም መሬት የላትም፤ ብዙዋ እዚያው ቤት በአገልጋይነት ትቆያለች፤ ልጆቿ «ውላጅ»፣ የባሪያ ልጅ፣ መባላቸው አይቀርም።

እመቤቷንም አይርሷት። በሰማንያ ካገባች መፋታት ትችላለች፤ የጋራ ሀብቱንም ትካፈላለች። ከአባትም ከእናትም ወገን ርስት ትወርሳለች። ባል የሞተባት ወይም የመረራት ደግሞ መንኩሳ ከዳግም ጋብቻ ታመልጣለች። በቁርባን ከታሰረች ግን ፍቺ የለም፤ ለጋብቻም ሲሰጧት አልተጠየቀችም። የእሷ ጠባብ ምርጫ የተገዛው ግን በገረዶቿ ጉልበት ነው፤ በፍቺው ክፍፍል ላይ ከበሬውና ከእህሉ ጋር ገረዲቱም ትቆጠራለች። ሁለቱን «በአንድ ቀንበር ያሉ እህቶች» አድርጎ መጻፍ ለአንባቢ ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ሥራዋን «ቀኑን ሙሉ ስትፈጭ ዋለች» ብዬ አልፌዋለሁ። ምን ልጨምር? (ከጎንደር)

መልስ፦ ወፍጮውን ራሱን። ታችኛው ድንጋይ በጭቃና በድንጋይ መደብ ላይ ወደፊት ዘመም ብሎ ይቀመጣል፤ ሴቲቱ ከከፍታው በኩል ሆና መጁን፣ ማለትም የላይኛውን ድንጋይ፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደፊት ትገፋለች፣ ወደ ራሷ ትመልሳለች፤ ዱቄቱ በዝቅታው በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል። እህሉ በአንድ ጊዜ አይልምም፤ መጀመሪያ ትሸረክተዋለች፣ ከዚያ መልሳ ታልመዋለች። ኃይሉ ከክንድ ብቻ አይመጣም፣ ከወገብና ከትከሻ ነው፤ የሚያማትም እዚያ ነው።

ድንጋዩ ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተታል፤ ዱቄቱ ይሻክራል፤ እንጀራው ዓይን ያጣል፤ እመቤቷም ትቆጣለች። ስለዚህ ወፍጮው በጠንካራ ድንጋይ ወይም በብረት መወቀር አለበት። በተወቀረ ማግስት ደግሞ ዱቄቱ አሸዋ ይይዛል፤ መጀመሪያ ጥቂት እህል ፈጭታ ድንጋዩን ካላጸዳች እንግዳ ፊት ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ እንጀራ ይቀርባል። አንዲት ገረድ ይህን ሆን ብላ ብታደርገው ማንም ሊያውቅባት አይችልም።

ሰዓቱንም ያስተካክሉ። ፈጪ የምትነሣው ዶሮ ሳይጮህ ነው፤ ለቁርስ የሚሆነው ዱቄት የሚደርሰው ሊጡ ከቦካ በኋላ ስለሆነ የዛሬ መፍጨት ለነገና ለከነገ ወዲያ ነው። ገና ያልቦካን ዱቄት በዚያው ጠዋት እንጀራ አድርጎ የሚያበላ ትዕይንት በወንዶች ረቂቅ ውስጥ ይበዛል!

ጥያቄ፦ በጌታውና በ20 ዓመት ገረዱ መካከል እውነተኛ ፍቅር ብጽፍ ያስነቅፋል? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጌታው እንደሚወዳት መጻፍ ይችላሉ። እሷ መውደዷን ለማሳየት ግን «እምቢ» ብትል ምን እንደሚደርስባት አንባቢው አስቀድሞ ማየት አለበት፤ እምቢታ የሌለበት «እሺ» ምንም አይነግረንም። በዘመኑ የጭን ገረድ የታወቀ ነገር ነበር፤ ጌታዋን ተከትላ ትዘምታለች፣ ሊያከብራትም ሊሸልማትም ይችላል፤ ሲሰለቻት ግን የምትከስበት ዳኛ የለም። ከወለደች ልጁን አባቱ ከተቀበለው የእሷም ኑሮ ይሻላል፤ ካልተቀበለው ልጁ ተጨማሪ ባሪያ ነው። ታሪኩ ሐረር ወይም ጠረፍ ላይ ከሆነ በሸሪዓው ለጌታዋ የወለደች ሴት አትሸጥም፤ እሱ ሲሞትም ነጻ ትወጣለች፤ ስለዚህ መውለድ እዚያ ሌላ ክብደት አለው።

ማሕቡባ የተባለችውን የኦሮሞ ልጅ ታሪክ ያንብቡ። ጀርመናዊው ልዑል ፒክለር ሙስካው እ.ኤ.አ. በ1837 ካይሮ ላይ ገና ልጅ ሳለች ገዛት፤ ወደ አገሩ ወስዷት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1840 ሙስካው ውስጥ ሞተች። ከዚያ በኋላ የተጻፈላት አብዛኛው የፍቅር ተረት ነው፤ ተራኪው ገዢው ሲሆን የሚገኘው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ታሪኬ አዲስ አበባ ላይ ከ1915 እስከ 1935 ይዘልቃል። ባርነት የቀረው በየትኛው ዓመት ነው? ነጻ የምትወጣበትን ትዕይንት ላስተካክል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በአንድ ቀን አልቀረም፤ ለእርስዎ ሴራም የሚበጀው ይህ ነው። መስከረም 1916 ባሪያ መሸጥና መግዛት በሞት እንዲያስቀጣ ታወጀ፤ መስከረም 17 ቀን 1916 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። አዋጁ ንግዱን ነው የከለከለው፤ ቤት ያለችው ገረድ በማግስቱም ትፈጫለች። መጋቢት 22 ቀን 1916 የወጣው ደንብ ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን መንገድ አበጀ፤ ጌታው ከሞተ በኋላ ግን ወራሾቹ ዘንድ 7 ዓመት ትቆያለች። በ1923ቱ ሕግ ይህ ጊዜ በጣም አጠረ፤ በ1924 ደግሞ ጉዳዩን የሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ጣልያን በ1928 ትግራይን ሲይዝ ባሮች ነጻ ወጡ ብሎ አወጀ፤ ለወረራው ማመካኛም አደረገው። ባርነትን በሕግ ጨርሶ ያስቀረው አዋጅ ቁጥር 22 ነሐሴ 20 ቀን 1934 ወጣ።

ጌታዋን በ1920 ይግደሉት። በ1916ቱ ደንብ እስከ 1927 ከወራሾቹ ጋር ናት፤ በመካከሉ የ1923ቱ ሕግ ይወጣል። ሕጉን የሚነግራት ማን ነው? ወራሾቹ አይነግሯትም፤ እሷ ማንበብ አትችልም። እቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በዚያው ሰሞን ተከፍቷል፤ የጌታዋ ልጅ እዚያ የምትማር ከሆነ ጋዜጣውን የሚያነብላት ሰው አገኙ።

ጥያቄ፦ ዘመኑን የሚያበላሹ ጥቃቅን ስሕተቶችን ብትጠቁሙኝ። ታሪኬ በ1850ዎቹ ጎጃም ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቡናውን ያውጡት። በዚያ ዘመን የክርስቲያን ቤት ቡና አያፈላም፤ ካህናቱ ይቃወሙት ነበር። ሙስሊሙ ነጋዴ ቤት ግን ይፈላል፤ ልጅቷ ከባለቤት ወደ ባለቤት ስትሻገር ሽታው መቅረቱን ቢያሳዩ ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍም የለም፤ በምኒልክ ዘመን፣ ወደ 1880ዎቹ መጨረሻ ነው የገባው። ድንች በወጥ ውስጥ አይክተቱ።

ገንዘቡ ማርያ ቴሬዛ፣ ጠገራው ብር ነው። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ሃምሳ ብር ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ስለሚጠጋ በመቀነት ጫፍ ቋጥሮ መሮጥ አይቻልም። ሻጭ ብሩን አገላብጦ የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ያያል፤ ያለቀ ከሆነ ይመልሳል። ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነው፤ ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር ምድር በራቁ ቁጥር በአንድ ብር የሚገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል፤ የሰው ዋጋ ደግሞ ወደ ባሕር በቀረቡ ቁጥር ይጨምራል። ባሶ ላይ በአሞሌ ተቆጥራ የተገዛች ልጅ ምጽዋ ላይ በዚያው ዋጋ ከተሸጠች ነጋዴዎ ከስሯል፤ ምክንያቱን መጻፍ ይኖርብዎታል።